የጀልባው ክብደት

ቅዳሜ ጠዋት ግራንት የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አውጥቶ ወጥ ቤቱ መሃል አስቀመጠና ቤተሰቡን በተራ መመዘን ጀመረ። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ለጥፎ፣ እንደ ሐራጅ ሻጭ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቁጥር ይጠራል። መጀመሪያ ራሱ ወጣ። መቶ ሁለት። የአስራ አንድ ዓመቱ ጃስፐር በአፉ የሞላውን ቁርስ ሳይውጥ፣ «አባዬ፣ አንተን ትተን ብንሄድ እኮ ሌላ ማቀዝቀዣ እንጭን ነበር» አለና መንትዮቹን አሳቃቸው። ሚስቱ ማርኒ ስትወጣ ቁጥሩን በእግር ጣቶቿ ልትሸፍነው ሞከረች፤ ግራንት ጎንበስ ብሎ አነበበባት። ሰባ አንድ። «ከሠርጋችን ወዲህ የጨመርሽውን እኔ ነኛ የምጎትተው!» ብሎ ጎኗን ነካ አደረጋት። ጃስፐር ሠላሳ ስምንት ሆነ። መንትዮቹ ዊኒና ዶት አብረን ካልወጣን ብለው ተንጫጩ፤ ለየብቻ ሲመዘኑ ዊኒ በአንድ ኪሎ በለጠችና ዶት አለቀሰች።

ታሊያ ገና ከመታጠቢያ ቤት መውጣቷ ነበር። ግራንት በሩን ሁለቴ ደብድቦ፣ «ውሃው! አራት ደቂቃ አልፏል፤ ታንኩን ልትጨርሺው ነው!» ብሎ ጮሆባት ነበር፤ ይህን በዚያ ቤት ለማንም ይጮኸዋል። የቤቱ ውሃ በታንክ የሚጠራቀም ዝናብ ነው፤ ዝናብ ከጠፋ ደግሞ ሦስት ወር አልፎታል። የማርኒ የበኩር ልጅ ታሊያ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ፀጉሯን በፎጣ ጠምጥማ መጣችና የሦስት ዓመቱን ቢሊን በብብቱ ይዛ ሚዛኑ ላይ አቆመችው፤ እንዳይነቃነቅ እንደ ሐውልት ሁን አለችው፤ አስራ አምስት። ካወረደችው በኋላ ጫማዋን አውልቃ ተራዋን ጠበቀች። ግራንት የቢሊን ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ጎንበስ አለና ሚዛኑን ከእግሯ ፊት አንስቶ፣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ጋራዡ ሄደ።

ከጋራዡ የብረት መጎተት ድምፅና የግራንት ማቃሰት ተሰማ፤ የአባቱን የአሉሚኒየም ጀልባ አንዴ አፍንጫውን፣ አንዴ ኋላውን ሚዛኑ ላይ እያሳረፈ ይደምር ነበር። «ስልሳ ሁለት!» ሲል ከዚያ ማዶ ጮኸ። «ማርኒ፣ ጻፊልኝ! ስልሳ ሁለት!»

ማርኒ ጻፈች። ከቢሊ ስም ሥር፣ ጀልባ፣ ስልሳ ሁለት።

«እኔን ሳይመዝነኝ» አለች ታሊያ ፈገግ ብላ።

«ይመለሳል፤ ያቺን ጀልባ ሲያይ ሌላው ሁሉ ይጠፋበታል፤ ታውቂው የለ» አለቻት እናቷ። ታሊያ ትከሻዋን ነቅንቃ ጫማዋን መልሳ አጠለቀች። ግራንት ግን ሚዛኑን ሳይዝ ተመለሰና፣ «በሉ መኪና ውስጥ! ሰውየው ከምሳ በፊት ኑ ብሎናል» አለ። ማርኒ ረስቶ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። የቢሊን ትርፍ ሱሪ፣ የዶትን የአስም መድኃኒት፣ የፀሐይ ቅባቱን ወደ ቦርሳዋ ስታስገባ ያንኑ ደገመችው። ረስቶ ነው።

ተጎታች ቤት ሊገዙ ነው። ከፋሲካ በኋላ ቤታቸውን አከራይተው አገሩን በመኪና ሊዞሩት ነው፤ በዚያ አገር «ዙሩ» ሲባል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ግራንት ሁለት ሳምንት በረሃ ማዕድን ማውጫ፣ አንድ ሳምንት ቤት እያደረ ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ መንትዮቹ ሲወለዱ አልነበረም፤ ቢሊ ሲራመድ በስልክ ነው ያየው። አንድ ዓመት አንድም ቀን ሳልለይ ከልጆቼ ጋር ልሁን አለ፤ ማርኒም ለዚህ ቃል ስትል አለቀሰች። ያን ቀን ከሁሉ በላይ የዘለለችው ታሊያ ናት። ቅዳሜና እሁድ ዓሣና ድንች ጥብስ ቤት እየሠራች ያጠራቀመችውን ሦስት መቶ አርባ ዶላር አውጥታ ስዋግ ገዛች፤ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ የሚተኛበት፣ ፍራሹ ውስጡ ያለ የሸራ ጥቅል ነው። «ለኔ አልጋ አትጨነቁ፤ እኔ ኮከብ እየቆጠርኩ ውጭ ነው የምተኛው» አለች። የርቀት ትምህርት ማመልከቻውንም ራሷ ሞልታ፣ ፊርማ የሚቀረውን ቦታ በቢጫ ቀለም አቅልማ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። የሚመጣው ዓመት አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ማመልከቻው እዚያው ከተለጠፈ አምስት ሳምንት ሆነው።

መንገድ ላይ ግራንት የግንባታ ዕቃ መደብሩ በር ላይ ቆመ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ቋሊማ ይጠበሳል፤ ሽያጩ ለአንዱ ክበብ ወይም ለአንዱ ትምህርት ቤት ይውላል። አንዱ ሦስት ዶላር ተኩል ነው። ሰባት ገዛ። ማርኒ ሳይታወቃት በመስኮት ትቆጥር ነበር፤ ሰባት። የታሊያን ለብቻው ይዞ መጣ፤ ሽንኩርቱ እጥፍ፣ ሰናፍጭ የሌለበት፣ ልክ እንደምትወደው። «እንቺ፣ አንቺ የሽንኩርት ጆንያ» አላት። «የኋላ መስኮቱን ክፈቱልኝ፤ ከዚህች ጋር ነው እኮ የምንጓዘው» ብሎ ጃስፐር ጮኸ፤ ታሊያ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ለአንድ ሰው ቋሊማ የሚገዛ፣ የሽንኩርቱን ልክ የሚያውቅ ሰው ያንን ሰው አይረሳም አለች ማርኒ በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ ሐሳቡ ተገለበጠባት። ካልረሳ ታዲያ ምን ነበር?

የተጎታች ቤቶቹ መሸጫ አውራ ጎዳናው ዳር ነው። በዛፎቹ ሐምራዊ አበባ የተሸፈነ አስፋልት ላይ ነጭ ሣጥን የመሰሉ ቤቶች ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። ሻጩ ኬቭ ይባላል፤ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ፣ ቁምጣ የለበሰ፣ ወሬ የማይሰለቸው ሰውዬ ነው። «መጡ! የእግር ኳስ ቡድኑ መጣ!» ብሎ ተቀበላቸው። ታሊያ ቢሊን አዝላ፣ ዶትን በእጇ ይዛ ከኋላ ስትወርድ አየና፣ «ሞግዚትም አላችሁ እንዴ? ሀብታሞች ናችሁ» አለ። ግራንት መኪናውን ይቆልፍ ነበር፤ ዞር አላለም። «ልጃችን ናት» አለች ማርኒ። ኬቭ፣ «አሃ» አለና ግራንትን አየት አደረገ። ያቺን አየት ማርኒ ወዲያው አልተረዳቻትም።

ሁለት ተጎታቾች አሳያቸው። የመጀመሪያው ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ነው፤ ሰባት ሰው ይተኛበታል፤ ዋጋው ዘጠና ሁለት ሺህ ነው፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ ይፈራርሳል አለ ኬቭ ራሱ። «የቆርቆሮ ቤት ለጡረተኛ ነው፤ አስፋልት ላይ በቀስታ ለሚንሸራሸር። እናንተ ወደ ሰሜን፣ ወደ አቧራው ከሆናችሁ ይኸኛው ነው የናንተ።» ሁለተኛው ሃይብሪድ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ግማሹ ቤት ግማሹ ድንኳን። ሲጓዝ አጭርና ጠንካራ ሣጥን ነው፤ ሲቆም ጣራው ወደ ላይ ይነሳል፣ የፊቱና የኋላው ግድግዳ እንደ መሳቢያ ይወጣና በላዩ የሸራ ክፍል ይዘረጋል። ስልሳ አራት ሺህ። በጎኑ ወጥ ቤት ተስቦ ይወጣል፤ ምድጃው፣ የዕቃ ማጠቢያው፣ ማንኪያ እንኳ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። ውስጡ ገብተው ሲያዩት አራት ተደራራቢ አልጋዎች አሉት፤ የእያንዳንዱ ራስጌ ላይ ትንሽ መብራትና የጫማ ኪስ አለ። ከፊት በኩል ለባልና ሚስት ሰፊ አልጋ፤ ከኋላ ደግሞ ሸራው ሲዘረጋ አንድ ተጨማሪ ጠባብ መኝታ። ልጆቹ እንደ ዝንጀሮ ተንጠላጠሉበት። ጃስፐር የላዩን ያዘ፤ መንትዮቹ በግድግዳው በኩል ማን ይተኛ ብለው ተካሰሱ፤ ቢሊ መብራቱን ማብራትና ማጥፋት ጀመረ። ታሊያ ብቻ ውጭ ቆማ የሸራ ጥላው የሚያርፍበትን ቦታ በእርምጃዋ ትለካ ነበር። «እዚህ ጋ ስዋጌ ልክ ይገባል። ዝናብ እንኳ ቢመጣ አይነካኝም፤ አይደል?» አለችው ኬቭን። ኬቭ፣ «አይነካሽም፤ ይሄ ሸራ ይተነፍሳል እንጂ አያስገባም» አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

ማርኒ የምትጠይቀውን በትንሽ ደብተር ጽፋ መጥታለች። ጋዙ በሌሊት ቢያፈስ የሚጮህ ነገር አለው? የላዩ አልጋ መከላከያ የቢሊን ራስ አያሳልፍም? ውሃው ለስንት ቀን ይበቃል? ኬቭ ሁሉንም በትዕግሥት መለሰላት። ክብደቱስ ስትለው ፊቱ በራ፤ ይህ የሚወደው ጥያቄ ነበር። «ጎበዝ! ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ቀለሙ ነው። ይኸው፣ ረቡዕ ባልሽ ሲመጣ አብረን ሠርተነዋል።» ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አነሳና ጣቱን እያስኬደ አነበበላት። «መኪናችሁ የምትችለው አምስት መቶ ዘጠና ኪሎ ነው፤ ከዚያ አንዲት ኪሎ ብታልፉ፣ አደጋ ቢደርስ መድኅኑ ሳንቲም አይከፍልም። የተጎታቹ አፍንጫ መኪናው ላይ የሚጥለው ሁለት መቶ ሃያ። ጥቃቅን ዕቃ ሠላሳ። ሁለት አዋቂ፣ አራት ልጆች፣ አንድ ጀልባ። ዛሬ ጠዋት የመዘነውን በስልክ ልኮልኛል፤ ልክ ልኳን ገባች። አንድ ኪሎ ነው የተረፋችሁ፤ እሷን ለቸኮሌት አድርጓት።»

ሁለት አዋቂ፣ አራት ልጆች፣ አንድ ጀልባ። ማርኒ በደብተሯ ላይ የተደረደሩትን ጥያቄዎች አየቻቸው፤ ፊደሎቹ ተደበላለቁባት። ረቡዕ። ግራንት ረቡዕ ዕለት ጎማ ላስነፋ ብሎ ነበር የወጣው። ኬቭ የሴትየዋ ፊት መለወጡን አይቶ፣ «ያው መኪናዋ ቀድሞም ተጠናክራለች፤ ከዚህ በላይ ሕጉ አይፈቅድም። ጀልባዋንም ተጎታቹ ላይ ብንጭናት ዞሮ ዞሮ ክብደቷ እዚያው ነው። አስበንበታል» አለና ሻይ ላምጣ ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

ግራንትን ከተጎታቹ በስተኋላ፣ የተዘረጋው ሸራ ጥላ ውስጥ አገኘችው። ጎንበስ ብሎ የመጎተቻውን ሰንሰለት ያይ ነበር። ጃስፐርና መንትዮቹ ከውሃ ማቀዝቀዣው ጋ በወረቀት ኩባያ ሲረጫጩ፣ ቢሊም መሃላቸው ሲዘል ይታያሉ። ታሊያ የለችም፤ መጸዳጃ ቤት ሄዳ ይሆናል አለች ማርኒ በልቧ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

ግራንት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ዛሬ። ልጆቹ ሲተኙ። እውነቴን ነው።»

«ማመልከቻዋ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። በየቀኑ ወተት ስታወጣ ታየዋለህ።»

«አየዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት ማርኒ፤ በረሃ ላይ ሆና ምን ልትማር ነው? እናትሽ ዘንድ ባዶ ክፍል አለ። በባቡር የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። በየበዓሉ በአውሮፕላን ወዳለንበት አመጣታለሁ፤ ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። ደግሞ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ዓመት ቆይታ እኮ ራሷም ትሄዳለች።»

«ለዚያ ነዋ» አለች ማርኒ። «የቀረን ዓመት እሱ ብቻ ስለሆነ እኮ ነው።» ከዚያ፣ እንዲህ እላለሁ ሳትል፣ «ጀልባውን ተወው» አለችው።

ግራንት ፊቱን አዞረ። አባቱ የሞቱት በየካቲት ነው። ሽማግሌው ያቺን ጀልባ በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ ልጃቸውን ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩባት ናት፤ ስንት ዘመን ካሩምባ እንሄዳለን፣ እዚያ ባሕሩ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ እናጠምዳለን ሲሉ ኖረው ሆስፒታል አልጋ ላይ አረፉ። በመጨረሻው ሳምንት ግራንት እጃቸውን ይዞ፣ ጀልባዋን ካሩምባ ውሃ ላይ አወርዳታለሁ ብሎ ቃል ገባላቸው። ማርኒ አልጋው ግርጌ ቆማ ሰምታዋለች። አሁን ሲዞር ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ መቶ ሁለት ኪሎ የሚመዝነው ሰው ከንፈሩ እንደ ቢሊ ይንቀጠቀጣል።

«እሺ» አለ። «አንቺ በይኝ። ጀልባውን ተወው ካልሽ እተወዋለሁ። አልቆጣም፤ አላነሳብሽምም። አንዴ ድገሚልኝና ገብቼ ለኬቭ እነግረዋለሁ።»

መጀመሪያ ስትለው ቃሉ ራሱ ነበር የወጣው። አሁን ግን እሷ ልታወጣው ነው። ማርኒ አፏን ከፈተች። የሽማግሌውን እጅ በዓይነ ሕሊናዋ አየች፤ ግራንት በስምንት ዓመት ውስጥ ምንም ለራሱ እንዳልጠየቃት አሰበች፤ ጀልባዋ ጋራዥ ውስጥ ቀርታ ዓመቱን ሙሉ መኪናው ውስጥ ሊነግሥ የሚችለውን ዝምታ አሰበች፤ ደግሞ ታሊያን አሰበች፤ ከልጆቿ ሁሉ ይህችን ብቻ ስታስብ ፍርሃት የማይሰማት እንዴት እንደሆነ አሰበች። ታሊያ አልቅሳ አታውቅም። ታሊያ ቁጣ አታውቅም። ግራንት ገና ወደ ቤታቸው ሲገባ፣ የአራት ዓመት ልጅ ሆና፣ ከእናቷ አልጋ ተነስታ ትራሷን ይዛ ወደ ሌላው ክፍል በራሷ እግር የሄደች ልጅ ናት።

«ታሊያ ነገሩ ይገባታል» አለች ማርኒ። «እሷ ሁልጊዜ ይገባታል።»

ይህን ስትል ግራንት አንገቷን አቅፎ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለ። በዚያ ቅጽበት ነው የሸራው ዚፕ ከውስጥ የተከፈተው። ቀስ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች። ታሊያ ከጠባቧ የኋላ መኝታ ላይ ተነስታ ጫማዋን ታደርግ ነበር፤ ተጋድማ እየሞከረቻት ኖሯል። በመካከላቸው ሸራው ብቻ ነበር፤ ከራሷ እስከ እነሱ አንድ ክንድ አይሞላም። ኬቭ ይተነፍሳል ያለው ሸራ።

ማርኒ የልጇን ፊት ለማየት ሞከረች። ታሊያ ግን ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አጥብቃ አሰረች፤ ፈታችና እንደገና አሰረች። ቀና ስትል ፈገግታዋ ተዘጋጅቶ ነበር። «አልጋዋ ትመቻለች» አለች። «ጣራዋ ግን ዝቅ ያለ ነው። እማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ስፈራ ነበር፤ እንዳትቆጪኝ። እኔ ብቀር ይሻለኛል። አያቴ ጋር ልሁን። ዓመት ሙሉ ከነዚህ ሽፍቶች ጋር? የቢሊ እግር እንዴት እንደሚሸት ታውቂያለሽ። ደግሞ ጓደኞቼ አሉ፣ ፈተናው አለ። ግራንት፣ አንተም አትቆጣ።»

አያቷ ባሉበት ከተማ ታሊያ አንድም ጓደኛ የላትም። ይህን ማርኒም ግራንትም ያውቃሉ። «እርግጠኛ ነሽ?» አላት ግራንት። «በጣም» አለች። ማርኒ አይደለሽም ልትል ትችል ነበር። ሰምተሽናል፣ ይቅር በይኝ፣ ጀልባው ይቀራል ልትል ትችል ነበር። ከዚያ ይልቅ እፎይ አለች። በኋላ፣ ሌላውን ሁሉ ለራሷ ማስረዳት ስትችል፣ ያቺን እፎይታ ብቻ የምታደርስበት አጣች።

ኬቭ ሻዩን ይዞ መጣ፤ ግራንት ቀብድ ሁለት ሺህ ከፍሎ ፈረመ። ኬቭ ገዢዎቹን ከተጎታቹ ጋር ፎቶ ማንሳት ልማዱ ነው፤ ቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ልጆቹን በቁመታቸው አሰለፋቸው፤ ግራንትና ማርኒ ከኋላ ቆሙ። ማርኒ፣ «ታሊያ፣ ነይ ግቢ» ስትላት ልጅቷ የኬቭን ስልክ ከእጁ ተቀብላ ነበር። «ፀሐዩ ፊታችሁ ላይ ነው፤ ትንሽ ወደ ግራ» አለች። «ጃስፐር፣ አፍህን ዝጋ፤ ዝንብ ይገባል። ዶት፣ ፈገግ። ጎበዝ።» ሁለት ጊዜ አነሳች፤ ምናልባት አንዱ ሰው ጨፍኖ ይሆናል ብላ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታሊያ እንደ ወትሮው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበረች፤ መንትዮቹ ግራና ቀኝ ክንዷ ላይ ተኝተዋል። ግራንት በመስታወቱ እያያት፣ «ታል፣ በሐምሌ ዳርዊን ከተማ ላይ ትደርሺብናለሽ። አዞ እናሳይሻለን» አላት። «አሪፍ» አለች። ትንሽ ቆይቶ፣ «የመስኮት ወንበር ነው የምቆርጥልሽ» አላት። «እሺ ግራንት፤ አመሰግናለሁ» አለችው። ማርኒ የመኪናውን የፊት መስታወት እያየች አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ቀይ መንገድ ልታስብ ሞከረች፤ የታያት ግን የእናቷ ቤት ባዶ ክፍል ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናውና ራስጌው የተላጠው አልጋ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማርኒ ድንች ትልጥ ነበር። ወደ ጋራዡ የሚያወጣው በር ገርበብ ብሏል። ታሊያ ስዋጓን ለጃስፐር እየሰጠችው ነው። ልጁ መጀመሪያ አላመናትም፤ «ለዘላለም? ወይስ ለውሰት?» አላት። «ለዘላለም። ግን በደንብ ካልጠቀለልከው ይበላሻል፤ እይ። ከራስጌው ጀምር። አሁን ተንበርከክበት። በሙሉ ክብደትህ ተጫነው። አየሩ እስኪወጣ ጠብቅ፤ ካልወጣ ማሰሪያው አይደርስም።» ጃስፐር፣ «በጣም ነው እኮ የምትናፍቂኝ… ማለቴ ቢሊን» አለ፤ እሷ ሳቀችበት። ማሰሪያው ሲጠብቅ፣ የብረት ዘለበቱ ሲያያዝ ለማርኒ ተሰማት።

ከዚያ ታሊያ ሚዛኑን ከጀልባው ሥር አንስታ፣ ወደ ቦታው ልትመልሰው በወጥ ቤቱ በኩል መጣች። ማርኒ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ቆይ» አለቻት። «ውጪበት።»

«አሁን ምን ያደርግልሻል እማ?»

ታሊያ የእናቷን ፊት አየችና ሚዛኑን ጠዋት የነበረበት ቦታ ላይ አኖረችው፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ጥንድ አድርጋ አስቀምጣ ወጣች። እጆቿን ጎኗ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ቢሊን እንደ ሐውልት ሁን እንዳለችው። ስልሳ ሦስት። ማርኒ እስክሪብቶውን አነሳችና ወደ ማቀዝቀዣው ዞረች። ማመልከቻው የለም። በቢጫ የተቀለመበት ወረቀት የነበረበት ቦታ ንጹሕ ነው፤ ማግኔቱ ግን የሚዛኑን ወረቀት እንዳይንሸራተት ሌላኛው ጫፍ ላይ ተደርጎለታል። ማርኒ ከጀልባው ሥር ጻፈች፤ ታሊያ፣ ስልሳ ሦስት። ከላይ ያለውን ስልሳ ሁለት አየችው። አንድ ኪሎ። ኬቭ ለቸኮሌት አድርጓት ያላት አንዷ ኪሎ። በጀልባው ፈንታ ልጇ ብትገባ መኪናው ልክ ልኩን ይሞላ ነበር፤ ሕጉም አይጣስ፣ መድኅኑም አይቀር፤ ልክ ልኩን።

ታሊያ ከትከሻዋ በላይ አነበበች፤ እሷም መደመር ታውቃለች። «ጂንሴን ቀንሺለት» አለች ቀስ ብላ። «ይከብዳል።»

ከዚያ ሚዛኑን አንስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ሲገፋ ተሰማ፤ በሩ ተዘጋ፤ ቧንቧው ተከፈተ። ማርኒ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆመች። ውሃው ይወርዳል። ግራንት እጁን እየጠረገ ከጋራዡ ገባ፤ ድምፁን ሰማና ከልማዱ የተነሳ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ «ውሃ…» ብሎ ጀመረ። የማርኒን ፊት አየ። ወረቀቱን አየ። ቃሉን አልጨረሰውም። ሁለቱም ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆመው፣ አራት ደቂቃው አልፎ፣ ሌላ አራት ደቂቃ አልፎ፣ ከታንኩ የሚወርደውን ውሃ ያዳምጡ ነበር።